ተማሪውን በፋብሪካው በር ማን ይቀበለዋል?



ለዛሬው ንግግር የተሰጠኝ ርእስ በሙያ ከፍተኛ ትምህርትና በቀጣሪዎች መካከል ያለውን ትብብር ስለ ማጠናከር ነው። ርእሱ ሰፊ በመሆኑ በአንድ ጥያቄ ላይ ብቻ ለማተኮር መርጫለሁ። የምሕንድስና ተማሪያችን አራተኛ ዓመት ላይ ደርሶ ለተግባር ልምምድ ከግቢ ሲወጣ በፋብሪካው በር የሚቀበለው ማን ነው? ስሙ የታወቀ፣ ለዚህ ሥራ ሰዓት የተመደበለት ሰው አለ ወይ?

ወደ ኋላ መለስ ብዬ ባሕር ዳርን በምሳሌነት ላንሳ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተገንብቶ እ.ኤ.አ. በ1961 ሥራ ጀመረ። በ1963 ደግሞ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ በዚያው ከተማ ተከፈተ፤ ከሥልጠና ዘርፎቹም አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ቴክኖሎጂ ነበር። ያ ዘመን እንከን አልነበረበትም ለማለት አይደለም። ነገር ግን የሠልጣኙ ቁጥር ትንሽ፣ ከተማውም ትንሽ ስለ ነበረ፣ መምህሩና የፈረቃ ኃላፊው ለመተዋወቅ የመግባቢያ ሰነድ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ ተወሰነ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ከአርባ በላይ ሆኑ። አንድ ሙሉ ሴሚስተር የሚፈጅ የተግባር ልምምድም በምሕንድስና ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ገባ፤ ሐሳቡ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ተቀባይ ፋብሪካዎች በተማሪው ቁጥር ልክ አልበዙም። ክፍተቱን የሞላው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው የትብብር ደብዳቤ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ተማሪው ደብዳቤውን ይዞ ከበር ወደ በር ይዞራል። አጎቱ ወይም የአባቱ ጓደኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለው ቶሎ ቦታ ያገኛል። ዘመድ የሌለው ደግሞ ከትምህርቱ ጋር የሚገናኝም ሆነ የማይገናኝ፣ የተገኘውን ይይዛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ጎበዝ ተማሪዬን ልጎበኝ ስሙን ወደማልጠቅሰው ፋብሪካ ሄድሁ። ያገኘኋት በመዝገብ ክፍል ፋይል ስታስተካክል ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ወደ ማሽኖቹ አልቀረበችም። በኃላፊዋ ላይ ተቆጥቼ ገባሁ፤ ካዳመጥሁት በኋላ ግን ቁጣዬ በረደ። በየፈረቃው የሚጠየቀው የምርት መጠን አለው። ማሽን ቢቆም የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ልጅቷ ብትጎዳም የሚጠየቀው እሱ ነው። እሷን ቢያስተምር ግን በሥራ መዘርዝሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም፤ በደመወዙም በዕድገቱም ላይ አይቆጠርለትም። ታዲያ ፋይል ክፍል ከማስቀመጥ የተሻለ ምን ያድርግ? እሱ በነበረበት ወንበር የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው ያደረገው።

ስለዚህ ስለ ትብብር ስንነጋገር የሚጎድለን የሁለት ተቋማት ፊርማ ነው ብዬ አላምንም። ፊርማ በየካቢኔቱ ሞልቷል። የጎደለው ማስተማርን እንደ ሥራው የሚቆጥር አንድ ሰው በፋብሪካው ውስጥ መኖሩ ነው።

በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች ሲሰጥ ያለፉት አርባ በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። አገር ደነገጠ፤ መደንገጡም ተገቢ ነበር። ሆኖም ፈተናው የሚለካው በክፍል የተማሩትን ነው። የመፍተያ ማሽን ክር ደጋግሞ ሲበጥስ ምክንያቱ ከጥጡ ይሁን ከእርጥበቱ ወይስ ከተሽከርካሪው ፍጥነት የሚለይ ተመራቂ ስንት እንደ ሆነ በወረቀት ፈተና አይታወቅም።

የሚገርመኝ፣ በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና የትብብር ሥልጠና አሠራር ሠልጣኙ የጊዜውን 70 በመቶ በድርጅት ውስጥ እንዲያሳልፍ መታሰቡ ነው። አፈጻጸሙ ብዙ የሚያነጋግር ቢሆንም መርሑ ተቀምጧል። መሐንዲሱ ግን በአምስት ዓመት አንድ ሴሚስተር!

በጀርመን፣ በባደን ቩርተምበርግ ክፍለ ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረና በ2009 ወደ ጥምር ዩኒቨርሲቲ ያደገ ተቋም አለ። በዚያ ተማሪውን አስቀድሞ የሚመርጠው ድርጅቱ ነው፤ ውል ይፈርማል፤ በትምህርቱ ዘመን ሁሉ ይከፍለዋል። ተማሪውም ሦስት ወር ያህል በክፍል፣ ሦስት ወር ያህል በሥራ ቦታ እየተፈራረቀ ይማራል። ይህን እንዳለ ወደ እኛ እናምጣው የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም። ለሠራተኞቹ ደመወዝ በወቅቱ ለመክፈል የሚቸገር አነስተኛ ፋብሪካ ለተማሪ እንዲከፍል መጠየቅ ከንቱ ነው። ሆኖም አንድ ነገር መውሰድ እንችላለን፤ በዚያ ተማሪው እንግዳ አይደለም፣ የሚያሠለጥነውም ሰው ይታወቃል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ተማሪው ከግቢ ከመውጣቱ በፊት የሥራ ቦታ አሠልጣኙ በስም ይታወቅ። ያ ሰው የትርፍ ሰዓት መምህር ሆኖ ከእኛ በጀት ይከፈለው፤ የሚሰጠው ውጤትም ከግማሽ በላይ ይያዝ። ዲፕሎማ ያለው ቴክኒሽያን የዲግሪ ተማሪን እንዴት ይመዝናል የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ማሽኑ ሊበላሽ ሲል በድምፁ የሚያውቅ ሰው፣ ማሽኑን በሥዕል ብቻ የሚያውቀውን ተማሪ ለመመዘን ብቁ ነው እላለሁ። እኛም መምህራን ብንሆን ክረምቱን ፋብሪካ ውስጥ ከማሳለፍ ይልቅ አንድ ጽሑፍ ማሳተም ለደረጃ ዕድገት ያዋጣናል፤ ይህ ሚዛን ካልተስተካከለ ወደዚያ የሚሄድ አይኖርም።

ለቀጣሪዎችም በግልጽ ልናገር። ተመራቂው ሥራ አያውቅም እያላችሁ በራችሁን ለተማሪ ከዘጋችሁ ወቀሳው አይጸናም። ያሠለጠንነው ሰው ጥሎን ይሄዳል የሚለው ሥጋታችሁ ግን እውነት ነው፤ መልሱ የሚገኘው በደመወዙ እንጂ በእኛ ዘንድ አይደለም።

ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ እንዳይጻፍ ለፋኩልቲው ጉባኤ ሐሳብ አቅርቤአለሁ። ይህ ከጸደቀ በመጀመሪያው ዓመት ቦታ የሚያገኙ ተማሪዎች ቁጥር ሊቀንስ ይችላል፤ የቀሩት በወርክሾፓችን ይቆያሉ፤ ቅሬታም ይነሣል። ፋይል ሲያስተካክሉ ከሚከርሙ ግን ያን እመርጣለሁ። የድርጅት ተወካዮች ሆይ፣ የአሠልጣኝ ስም የሚሞላበት ቅጽ በመውጫው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልስማ።