መጥፎ ዜና የማይነገረው አለቃ



ሱቅም ይሁን ፋብሪካ፣ መድረሳም ይሁን መሥሪያ ቤት፣ ሰው የምናሠራ ሁሉ ኃላፊዎች ነን። ኃላፊነትም አማና ነው። ለመሆኑ ሠራተኞቻችን በሥራው ላይ ያለውን ችግር ሳይፈሩ ይነግሩናልን? በዛሬው ዝግጅታችን ይህንን ጥያቄ ከአንድ የታወቁ የኩባንያ መሪ ተሞክሮ ጋር እንመለከታለን።

አላን ሙላሊ በአውሮፕላን አምራቹ ቦይንግ 37 ዓመታት የሠሩ መሐንዲስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2006 የአሜሪካውን መኪና አምራች ፎርድን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት ተረከቡ። ከፍተኛ ኃላፊዎቹም በየሳምንቱ ሐሙስ እየተሰበሰቡ የሥራቸውን ሁኔታ በቀለም እንዲያሳዩ አደረጉ። አረንጓዴ ሥራው በዕቅዱ መሠረት እየሄደ ነው፣ ቢጫ ሥጋት አለ፣ ቀይ ደግሞ ችግር አለ ማለት ነበር።

ፎርድ በዚያ ዓመት ከ12 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል። የኃላፊዎቹ ሪፖርት ግን አረንጓዴ በአረንጓዴ ነበር! ለምን ቢሉ፣ በዚያ ቤት ችግር አለ ያለ ሰው ራሱ እንደ ችግር ይቆጠር ነበርና ነው።

በመጨረሻ ማርክ ፊልድስ የተባሉት ኃላፊ ደፈሩ። በካናዳ ፋብሪካ የሚመረተው አዲስ መኪና የኋላ በሩ እንከን ስላለበት ሥራው መቆሙን በቀይ አሳዩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ሰዉ ሁሉ ከሥራ ይባረራሉ ብሎ ሲጠብቅ ሙላሊ አጨበጨቡላቸው፤ በዚህ ጉዳይ ማን ሊረዳቸው እንደሚችልም ጠየቁ። ባልደረቦቻቸውም ወዲያው መፍትሔ ያዋጡ ጀመር። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የሌሎቹም ሪፖርት በቢጫና በቀይ ተሞላ።

እርግጥ ነው፣ ፎርድን ያተረፈው ይህ ብቻ አይደለም። በ2006 መጨረሻ የንግድ ምልክቱን ሳይቀር አስይዞ ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ አሰባስቦ ነበር። ነገር ግን ቀዳዳው የት እንዳለ ለማያውቅ ገንዘብ ምን ይፈይዳል? በ2009 ጄኔራል ሞተርስና ክራይስለር ለኪሳራ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ፎርድ ከዚህ ዳነ። ፊልድስም በ2014 ሙላሊን ተክተው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ።

እኛስ? መጋዘን ውስጥ የተበላሸ ዕቃ ያየ ልጅ ቁጣችንን ከፈራ ዝም ይላል። ዕቃውም ደንበኛ ቤት ይገባል፤ ያን ጊዜ ገንዘቡም አመኔታውም አብሮ ይሄዳል። ስርቆትና ቸልተኝነት ይታለፍ ማለታችን አይደለም። አጥፊውን መጠየቅ ሌላ፣ የተናገረውን መቅጣት ሌላ ነው።

ስለዚህ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን ይኑረን። በዚያ ቀን «ምን ተሸጠ?» ከማለታችን በፊት «ምን አስቸገራችሁ?» እንበል። ችግር ሲነገረን መጀመሪያ እናመስግን፣ ቀጥሎ እንርዳ፣ ጥፋት ካለም ከዚያ በኋላ እናጣራ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ! በሽታውን የሚያስደብቁ አለቆች እንዳንሆን እንጠንቀቅ።