አንድ ስም ለሁለት በሽታ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተነገረ)



በዛሬው የደስታ ቀን ስለ ሕመም መናገር ለበዓሉ የማይስማማ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ትምህርት ቤት የተሠራው የማናውቀውን እንድናውቅ፤ ያወቅነውንም ለሌላው እንድናካፍል ስለ ሆነ፤ በቤተሰባችን ላይ የደረሰውን በአጭሩ ላሰማችሁ እወዳለሁ።

የአባቴ ታላቅ ወንድም የመርሳ ሰው ነበር። የሐብሩን ፍራፍሬ በጭነት መኪና ወደ ወልድያና ወደ ደሴ ሲያመላልስ ከ20 ዓመት በላይ ኖሯል። ሁላችንም «አያ» እንለው ነበር። አያ ሌሊት ሲነዳ እንቅልፍ እንዳይጥለው ሲጋራ ያጨስ ነበር፤ «የመንገድ ጓደኛዬ ይኸ ነው» እያለም ይቀልድ ነበር።

ከጊዜ በኋላ ሳል ያዘው። መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ፤ ቀጥሎም የመንገድ አቧራ ነው ተባለ። ዝንጅብልና ማር አጠጣነው። ጎረቤቶቻችንም እንደ ወሎ ልማድ ሙስሊሙ ዱዓ አደረገለት፤ ክርስቲያኑ ጠበል አመጣለት። ወራት አለፉ፤ ሰውነቱ ከሳ፤ ድምፁ ሻከረ፤ አክታውም ደም ቀላቀለ። በዚህ ጊዜ ወደ ወልድያ፤ ከዚያም ወደ ደሴ፤ በመጨረሻም አባቴ በሬውን ሸጦ ወደ አዲስ አበባ ወሰደው።

ሐኪሙ አባቴን ለብቻው ጠርቶ በሽታው የሳምባ ካንሰር መሆኑንና ለመዳን ጊዜው እንዳለፈ ነገረው። አባቴም ተመልሶ «አያ፤ የሳምባ ነቀርሳ ነው ብለዋል» አለው።

እዚህ ላይ አስተውሉ። አባቴ አልዋሸም፤ እውነቱንም አልተናገረም። በአማርኛችን ነቀርሳ የሚለው ቃል ለካንሰርም ይነገራል፤ ነገር ግን የሳምባ ነቀርሳ ሲባል ሕዝቡ የሚረዳው ቲቢን ነው። እነዚህ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ቲቢን የሚያመጣው ሮበርት ኮክ በ1882 እ.ኤ.አ. ያገኘው ተሕዋስ ነው፤ በትንፋሽ ይተላለፋል፤ አብዛኛውን ጊዜም በስድስት ወር መድኃኒት ይድናል። ካንሰር ግን ከገዛ ሰውነታችን ሕዋሳት ከልክ በላይ መራባት የሚመጣ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

አያ በቲቢ ታሞ የዳነ ጎረቤት ስለ ነበረው፤ «እንግዲያማ እድናለሁ» ብሎ ተደሰተ። ነገር ግን ሲኒውን ለየ፤ የአምስት ዓመት ልጁንም እንዳይዛት ብሎ ከአጠገቡ አራቃት። ሕፃኗ በር ላይ ቆማ «አባባ፤ ልግባ?» ስትለው፤ «ስድስት ወር ጠብቂኝ» ይላት ነበር። እኛም እያወቅን ዝም አልን።

እኔ የሁለቱን በሽታዎች ልዩነት በክፍል ተምሬ ስለ ነበር አንድ ምሽት አባቴን «ልጅቱ እንድትቀርበው ለምን አንነግረውም?» ብዬ ጠየቅሁት። አባቴ ብዙ ከቆየ በኋላ፤ «ስሙን ብነግረው ቀድሞ የሚሞትብኝ መስሎኝ ነው» ብሎ አለቀሰ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ፤ በለሰለሰ ቃል ተነገረው። አያ ጥቂት ዝም አለና፤ «ታዲያ ልጄን ለምን ከለከላችሁኝ?» አለ። ሌላ አልተናገረም። ከዚያ በኋላ በኖረባቸው ጥቂት ሳምንታት ልጁ ከእቅፉ አልወጣችም፤ ዕዳውንም ከፈለ፤ የተጣላውንም ታረቀ።

ወገኖቼ ሆይ፤ ከዚህ ሦስት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል በቤት መድኃኒት አይታለፍ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ይመርመር፤ ቲቢ ካልሆነም «ታዲያ ምንድን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ሳምባ ሕመሙን ቶሎ ስለማይናገር ካንሰሩ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፤ ሲጋራ ጓደኛ አይደለም። የእንግሊዝ ሊቃውንት ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል በ1950 እ.ኤ.አ. ሲጋራና የሳምባ ካንሰር የተያያዙ መሆናቸውን በጥናት አሳይተዋል። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሆኖም ያላጨሰም ሰው ሊያዝ ስለሚችል፤ ያጨሰም ቢሆን ታማሚ እንጂ ወንጀለኛ ስላልሆነ፤ የታመመውን አንውቀስ።

ሦስተኛ፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። እኛ ግን ከራሱ ከታማሚው ደበቅን። ለመርዶ ዘመድ ሰብስበን፤ ሰዓት መርጠን፤ ቃል አለስልሰን የምንናገር ሕዝብ ነን። ይህን መልካም ጥንቃቄ ለሟች ዘመድ ብቻ ሳይሆን በሕይወት ላለው ለራሱ ለታማሚው ብናደርገው ምን ይከፋል? መዳን ባይቻልም ሥቃይን የሚያስታግስ ሕክምና አለ፤ ከልጅ ጋር የሚያሳልፉት ቀንም አለ።

ያቺ ሕፃን ዛሬ አንደኛ ክፍል ገብታለች። አባቷን ስታስታውስ የምታነሣው እነዚያን ጥቂት ሳምንታት ነው። ብዙ ወራት ሊሆኑላት ይችሉ ነበር።