ስንጥቅ ዓለትና የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ የላይኛውን ጥቁር ገደል ልብ በሉ። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት ቀዝቅዞ ሲኮማተር የተሰነጣጠቀ ባዛልት ነው።

የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ዓለት ሲያጋጥመው ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ስንጥቁ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ነው። ስንጥቆቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰለፉ ከሆነ፣ ዓለቱን ወደ ጎን እያወዛወዘ የሚጓዘው ሞገድ ለሁለት ይከፈላል። በስንጥቁ አቅጣጫ የሚወዛወዘው ቀድሞ ይደርሳል፤ ስንጥቁን አቋርጦ የሚወዛወዘው ይዘገያል። ባለሙያዎች በዚህ ልዩነት ዓይን የማያየውን የስንጥቅ አቅጣጫ ያውቃሉ፤ በስምጥ ሸለቆአችንም ተሠርቶበታል።

ስንጥቅ ሲከፈትም በዚሁ ሸለቆ ታይቷል፤ በአፋር፣ ዳባሁ ከተባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ፣ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ተከፈተ፤ ቅልጥ ዓለትም ከውስጥ ገባበት። በውቅያኖስ ሥር አዲስ ወለል የሚፈጠረው በዚሁ መንገድ ነው።