ስድስት መሣሪያ በአንድ ጥንድ ሽቦ



በመርካቶ፣ በጎጃም በረንዳ፣ ከጭነት መኪናው፣ ከጋሪውና ከተሸካሚው መካከል ክሬን ለማቆም የሞከረ ሥራ ተቋራጭ፣ ትልቅ የውሃ ማቀዝቀዣ መሣሪያ እንዳለ ወደ ጣራ ማውጣት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አይጠፋውም። ሞጁላር ቺለር ከሚመረጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ክፍል በክፍል ይወጣል፣ ከዚያም ጎን ለጎን ይተከላል። ሌላው ምክንያት አንዱ ክፍል ቢበላሽ የቀሩት ሥራቸውን ይቀጥላሉ የሚለው ተስፋ ነው። ባለንብረቱም ገንዘቡን የሚያወጣው ለዚህ ተስፋ ነው። ይሁን እንጂ ተስፋው የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው ከመሣሪያው ይልቅ በሽቦው አዘረጋግ ነው።

ስድስት ክፍል ያለው ቺለር ይታሰብ። ለስድስቱ አንድ የጋራ ብሬከር ብቻ ከተደረገ፣ አንዱን ለመጠገን የመጣ ባለሙያ ሁሉንም ማጥፋት ግድ ይሆንበታል፤ አለዚያም፣ ይህ ደግሞ የባሰ ነው፣ ኃይሉ ሳይቋረጥ እጁን ያስገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል በአጠገቡ የሚቆለፍ የራሱ ማቋረጫ ያስፈልገዋል። የብሬከሩም መጠን ከካታሎጉ ላይ እንዳለ አይወሰድም። ዓለም አቀፉ ደረጃ የሚያስበው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የሳሳ አየር ሙቀትን እንደሚገባ አያስወግድም።

መብራት ሄዶ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። በቀጥታ የሚነሣ ሞተር ከመደበኛው ስድስት እጥፍ ያህል ጅረት ሊስብ ይችላል። ስድስቱም በአንድ ጊዜ ቢነሡ ጀነሬተሩ ይወድቃል። በተራ የሚያስነሣቸው መቆጣጠሪያው ነው፤ መገናኛው ቢቋረጥስ? ለዚህ በየክፍሉ የተለያየ የመነሻ መዘግየት መሙላት ይገባል። የጀነሬተሩ የፌዝ ቅደም ተከተልም ከመንግሥት መስመሩ ጋር መግጠም አለበት፤ ስክሮል ኮምፕሬሰር ወደ ኋላ ከዞረ ይጎዳልና።

ብዙ ጥፋት የሚፈጸመው ግን በቀጭኑ ሽቦ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው አርኤስ-485 የተባለው ደረጃ አንድ የተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ ከክፍል ወደ ክፍል በሰንሰለት እንዲሄድ ይፈልጋል። በሁለቱ ጫፎች 120 ኦም ሬዚስተር ይገባል፤ መሐል ላይ አይጨመርም። ከአንድ ሳጥን ወደ ስድስት አቅጣጫ መበተን ለሠራተኛው ቀላል ቢሆንም ስሕተት ነው። ቱቦ ለመቆጠብ ሲባል ይህን ጥንድ ከ380 ቮልት ኬብል ጋር አብሮ መሳብም እንዲሁ። እንዲህ ያለው ሥራ ሞተሮቹ ባልተነሡበት ጠዋት ሲፈተሽ ደኅና ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ጭነቱ ሲበዛ ግን ክፍሎቹ አንድ በአንድ ከመገናኛው ይጠፋሉ። ያን ጊዜ የሚከሰሰው የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ ነው፤ ካርዱም ይለወጣል፣ ችግሩም ይመለሳል።

የውሃ ፍሰት መጠበቂያው በዚህ ጥንድ ሽቦ ላይ መተማመን የለበትም። ፓምፑ ቆሞ ኮምፕሬሰሩ ከቀጠለ ውሃው በመለዋወጫው ውስጥ በረዶ ሆኖ ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ስለዚህ ማቆሚያው በራሱ ሽቦ በቀጥታ ይገናኝ።

በርክክብ ቀን ስድስቱም በሙሉ ጭነት እየሠሩ ሳለ፣ ባለንብረቱ ባለበት፣ የሦስተኛው ክፍል የመገናኛ ሽቦ ይነቀል። የትኞቹ እንደቀጠሉ፣ የትኞቹ እንደቆሙ ይመዝገብ። ከዚያም ዋናው ኃይል ተቋርጦ በጀነሬተር ይመለስ፤ ማን መጀመሪያ፣ ማን ቀጥሎ እንደተነሣ በሰዓት ተይዞ ከርክክቡ ሰነድ ጋር ይያያዝ።