ማኅፀንን የዘጋ ብያኔ

በአሜሪካ የቨርጂኒያ ግዛት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1924፣ አእምሯቸው ደካማ ነው የተባሉ ሰዎች ዘር እንዳይተኩ በሐኪም እጅ ይመክኑ ዘንድ የሚፈቅድ ሕግ በታወጀ ጊዜ፣ ለሕጉ መፈተኛ የተመረጠችው፣ በአሳዳጊዎቿ ዘመድ ተደፍራ በማርገዟ ወደ መንግሥት ማቆያ የተላከችው ወጣት ካሪ በክ ነበረች። ጠበቃዋ ቀድሞ የዚያው ማቆያ የቦርድ አባል ነበርና፣ ሙግቱ ለይስሙላ ነበር ብንል ሐሰት አይሆንብንም። በ1927 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ፈረደባት፤ ብያኔውን የጻፉት ስመ ጥሩው ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስም ክትባትን የሚያስገድድ ሥልጣን ለማምከንም ይበቃል አሉ። ገና በጨቅላነቷ ደህና አትመስልም ተብሎ የተመሰከረባት የካሪ ልጅ ግን፣ ትምህርት ቤት ገብታ ስሟ በክብር መዝገብ ሰፈረ። የካሪ እኅት ዶሪስም የትርፍ አንጀት ሕክምና ነው ተብላ መክና፣ ልጅ ስትመኝ ኖራ፣ እውነቱን የሰማችው በእርጅናዋ ነው።

ሕጉ በ1974 ተሻረ፤ ብያኔው ግን እስከ ዛሬ በግልጽ አልተሻረም። በ2006 የጸደቀው ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በ23ኛው አንቀጽ፣ የመውለድ ችሎታቸው ከሌላው ሰው እኩል ይጠበቅላቸው ዘንድ ያዛል፤ ይሁንና በአያሌ አገሮች ሞግዚት ወይም ዳኛ በጉዳተኛው ፈንታ ለማምከን እሺ የሚልበት በር ገና አልተዘጋም።