ሜዳዩ አለ፣ ወረቀቱ የለም

እሱ፦ ቆላ ድባ ገበያ ላይ አንድ የድሮ ወታደር «ሜዳይ ተሸልሜ ነበር፣ መዝገቤ ላይ ይስፈርልኝ» ቢልሽ ወዴት ትልኪያቸዋለሽ?

እሷ፦ አዲስ አበባ፣ መከላከያ ሚኒስቴር ነዋ።

እሱ፦ ማስረጃውስ? በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ከ400 ሺህ በላይ ሰው ነው የተሰናበተው። ዩኒፎርሙን መንገድ ላይ ጥሎ የገባው ስንቱ ነው!

እሷ፦ አሜሪካም እኮ እንደ ፈረንጆቹ በ1973 ሴንት ልዊስ ላይ በተነሳ ቃጠሎ ከ16 ሚሊዮን በላይ የወታደር ፋይል ወድሞባታል። ግን ከደመወዝ መክፈያው፣ ከሆስፒታል መዝገቡ እየለቃቀሙ ይጠግኑታል።

እሱ፦ እኛ ጋ የሚለቀመው ምስክር ነው።

እሷ፦ እሱም እያለቀ! የኮርያ ዘማቾቹን የቃኘው ሻለቃ አባላት አታይም?

እሱ፦ እኔ ብሆን የሦስት ጓዶች ቃለ መሐላ ይበቃኛል።

እሷ፦ ሁለት በል። ሦስተኛውን ከየት ያመጡታል?