ኳሱን ከመግዛታችን በፊት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ስለ ወጣቶቻችን የስፖርትና የጤና ፕሮግራም እንድናገር ተጠይቄአለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ስህተታችን ልናገር።

እንደምታውቁት የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከልደታ የተነሳው፣ ከአራት ኪሎ የመጣው፣ ከክፍለ ሀገር ገብቶ የተከራየው በአንድ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቋንቋችንም ሃይማኖታችንም ልዩ ልዩ ነው። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት መልስ ስልክ ላይ ተደፍተው ሲያመሹ አይተን፣ ከቁጠባችንና ከደጋፊዎች ባገኘነው ገንዘብ 2 ኳስና 24 ማልያ ገዛን። በሦስተኛው ሳምንት ሜዳው ላይ የቀሩት ወንዶች ብቻ ነበሩ። የሴቶቹ ማልያ እኔ ቤት በማዳበሪያ ከረጢት ተቀመጠ።

"ሴቶቹ ስፖርት አይወዱም" አልን። ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው ይባል የለ? አንድ ቀን እንኳ ሳንጠይቃቸው ነው የፈረድንባቸው።

ከዚያ ጠራናቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ እኛ እናቶች ፊት አንዲትም አልተነፈሰችም። በሁለተኛው እኛ ወጣንላቸው፤ ታላቃቸው እየጻፈች እነሱው ተነጋገሩ። የጻፉት ሲነበብልን እንዲህ ይላል፦ ወንዶቹ ሜዳውን አይለቁልንም። ማልያው እጅጌው አጭር ነው፤ ከሂጃብ ጋር አይሆንም። የወር አበባ ሲመጣ የምንገባበት መጸዳጃ በሩ አይዘጋም። ሲመሽ ብቻችንን መመለስ እንፈራለን። ውኃ በመጣ ቀን የምንቀዳው እኛ ነን። በመጨረሻም፦ "እናቴ 'አሁን ትልቅ ሴት ሆነሻል፣ አርፈሽ ተቀመጪ' ትለኛለች።"

ስም አልተጻፈበትም። ቃሉ ግን የእኔ ነው። ልጄ 13 ዓመት ሲሆናት ያልኳት ነው።

እህቶቼ፣ ነገሩ የእኛ ሰፈር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን በደንብ እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። የድርጅቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት መሠረት ግን፣ በዓለም ላይ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉ ተማሪዎች ይህን የማያሟሉት ከ100 ወንዶች 78ቱ፣ ከ100 ሴቶች ደግሞ 85ቱ ናቸው።

አሁን ፕሮግራሙን ያወጡት ልጆቹ ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል ሜዳው የሴቶቹ ነው። ከወንዶቹ ጋር የተደራደሩት ራሳቸው ናቸው። ኳስ ብቻ አይደለም፤ ሱዚ አለ፣ ገመድ ዝላይ አለ፣ ሩጫ አለ። ሁሉም የሚመቻትን ለብሳ ትመጣለች። ሁለት ሁለት እናቶች በተራ ቡናችንን ሜዳው ዳር እናፈላለን፤ ሲያልቅም አብረን እንመለሳለን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስትመጣ የምታስተምረውን ርዕስ የሚመርጡት እነሱ ናቸው፤ መጀመሪያ የመረጡት የወር አበባን ነው። ወንዶቹንም ጠየቅን፤ ኳስ የማይችል ልጅ ሁልጊዜ ዳር ቆሞ እንደሚውል የነገሩን እነሱ ናቸው። ገመዱ ለእነሱም ጠቀመ።

ሁሉም ተሟልቷል አልልም። ለመጸዳጃው በር መቀርቀሪያ ያስገባነው በቅርቡ ነው። ዛሬም ከቤት የማይለቀቁ ልጆች አሉ።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምን። አባላት ሆይ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሴት ልጃችሁን ከጀሪካኑ ልቀቋት፤ ወንድሟ ይቅዳ። ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ስንት ልጅ ተሳተፈ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ልጆቹን የምንጠይቅበት ጊዜ ስጡን። እኛን ያዳነን ከ24ቱ ማልያ ይልቅ ያቺ ቅዳሜ ናት።

ልጄ ዛሬ ከበር ላይ ቆማ እየሰማችኝ ነው። ይቅርታዬን በእናንተ ፊት ትቀበለኝ።